ባልጩትና ኦፓል

ከአሰላ ወደ ምሥራቅ የተመለከተ ሰው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የጭላሎን ተራራ ያያል። ይህ ተራራ በጥንት ዘመን እሳት የተፋ እሳተ ገሞራ ነው። ከአርሲ ደጋ ወደ ስምጥ ሸለቆ ወርዶ የዝዋይን ሐይቅ የተሻገረ ደግሞ የገደሞታን ኮረብታ ያገኛል። በዚያም ከ270,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው የባልጩት መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ለዚያ ዘመን ሰው ባልጩት መቍረጫውም መውጊያውም ስለ ነበረ፥ ከማናቸውም ዕንቍ ይበልጥ የከበረ ነበር ለማለት ይቻላል። ዛሬ ግን መንገደኛ ረግጦት ያልፋል።

እንግዲህ የድንጋይ ክብር ከምን ይመጣል? ብዙ ጊዜ የሚቈጠሩት ሦስት ናቸው፤ ውበት፥ ጥንካሬና ብርቅነት። በእኔ አስተያየት ግን አራተኛ አለ፤ ይኸውም ዕውቀት ነው። ለዚህም ኦፓል የተባለው ድንጋይ ምስክር ይሆነናል።

ባልጩትና ኦፓል የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ እናታቸውም ሲሊካ ነች። የቀለጠ ዓለት ከእሳተ ገሞራ ወጥቶ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ጥቍር መስተዋት ይመስላል፤ ይህ ባልጩት ነው። ውሃ ግን በእሳተ ገሞራ ዓለት ውስጥ ሲሰርግ ሲሊካውን እያሟሟ ይወስድና በስንጥቅና በቀዳዳ ውስጥ ቀስ በቀስ ያስቀምጠዋል፤ ይህ ኦፓል ነው። ስለዚህ ኦፓል ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከ3 እስከ 10 እጅ የሚሆን ውሃ በውስጡ አለው።

ቀስተ ደመና የመሰለው ቀለሙስ? በ1957 ዓ.ም. የአውስትራልያ ሊቃውንት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ቢመለከቱ፥ ድንጋዩ በሥርዐት ከተደረደሩ እጅግ ጥቃቅን የሲሊካ እንክብሎች የተሠራ ሆኖ አገኙት። ብርሃን በዚያ ድርድር መካከል ሲያልፍ ወደ ቀለማት ይከፋፈላል። ድርድሩ ሥርዐት ከሌለው ድንጋዩ ኦፓል ይባላል እንጂ ያ ኅብረ ቀለም አይታይበትም። የብርቅነቱም ምክንያት ይኸው ነው።

በአገራችን በ1986 ዓ.ም. ግድም የሰሜን ሸዋው የመዘዞ ኦፓል ለዓለም ገበያ ቀረበ፤ ነገር ግን ብዙው እየተሰነጠቀ ገዢዎችን አሳዘነ። ቀጥሎም በ2000 ዓ.ም. በወሎ፥ በደላንታ፥ በወገል ጤና አጠገብ ሌላ ኦፓል ተገኘ። ይህኛው ውሃ ውስጥ ቢነከር ውሃውን ጠጥቶ ጥርት ይልና ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። የሚገኘውም በገደል ላይ፥ ውፍረቱ ከ1 ሜትር በሚያንስ የዓለት ንጣፍ ውስጥ ነው። ድንጋዩ ከጥንት ጀምሮ በዚያ ነበረ፤ ያልነበረው ዕውቀቱ ነው።

ዕውቀቱም ቢሆን ዛሬ ገና ግማሽ ነው። ቈፋሪው በእጅ መሣሪያ ጠባብ ዋሻ እየፈለፈለ ይገባል፤ በ2016 ዓ.ም. በደላንታ ዋሻ ተደርምሶ ቈፋሪዎች ከውስጥ ቀርተዋል። ብዙው ድንጋይ ጥሬውን ይሸጥና ጃይፑር በተባለችው የህንድ ከተማ ተቈርጦ ይወለወላል፤ ዋጋውም እዚያ ይጨምራል። ሕይወቱን ለአደጋ የሰጠው ሰው ከዚህ ጭማሪ ተካፋይ አይደለም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ የገደሞታ ሰው ባልጩቱን ራሱ ፈልጎ፥ ራሱ ሠርቶ፥ ራሱ ይጠቀምበት ነበር። እኛ ግን ከእርሱ በኋላ ይህን ያህል ዘመን ቈይተን ድንጋያችንን ጥሬውን እንሸጣለን። ዋሻውን የሚደግፍ መሐንዲስ፥ ድንጋዩን የሚቀርጽ ባለሙያ፥ የቈፋሪውን ውል የሚጽፍ የሕግ ሰው የሚወጣው ከእኛው መካከል ነው። ስለዚህ ነገሩ ለጂኦሎጂ ተማሪዎች ብቻ የሚተው አይደለም።