አነስተኛ ንግድን ያለ ብዙ ጭንቀት ስለ ማካሄድ
(ለቡታጅራና ለወልቂጤ አካባቢ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት)

የግብርና ልማት ሠራተኛን የንግድ ጉዳይ ምን አገባው የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። እንደሚታወቀው ገበሬው ያመረተው በርበሬ፣ ቆጮና ቡላ ከእጁ ሲወጣ የሚያርፈው በአነስተኛ ነጋዴ መደብር ወይም በኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ነው። ገዢው ሲጨነቅ ዋጋ ይሰብራል፣ በሚዛን ይነታረካል፣ በዱቤ የወሰደውን ሳይከፍል ያዘገያል። የነጋዴው ጭንቀት ዞሮ የገበሬው ይሆናል ማለት ነው። በተለይ በቡታጅራ ዙሪያ ጠዋት በማሳው፣ ከሰዓት በኋላ በመደብሩ የሚውል ሰው ብዙ ስለሆነ ሁለቱን መለየትም ያስቸግራል።

በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው አንድ ነገር ነው። ነጋዴውን እንቅልፍ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ የሥራው ብዛት ሳይሆን ያልተመዘነና ያልተጻፈ ነገር ነው። ይህንንም በበርበሬ እንጀምራለን፤ ጉዳዩ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በዚያ ነውና።

ስለ አይጥ መርዝ የመጡት ነጋዴ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በየካቲት ወር አንድ የቡታጅራ በርበሬ ነጋዴ የአይጥ መርዝ እንድናገኝላቸው ጠየቁን። በጥቅምት መጨረሻ 10 ኩንታል ዛላ በርበሬ ገዝተው አከማችተው ነበር። ለመሸጥ አውጥተው ሲመዝኑት 9 ኩንታል ከ12 ኪሎ ሆነባቸው። 88 ኪሎ የት ገባ? መጋዘናቸውን ሄደን አየን። ጆንያዎቹ አልተበሱም፣ አይጥ የገባበት ምልክትም የለም። ይህንኑ ስንነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ‹‹እንግዲያው የጠረጠርኩት ልክ ነው፤ ልጁ ነው›› አሉ።

ልጁ የእኅታቸው ልጅ ነው። ማታ ማታ በመጋዘኑ እያደረ ይጠብቅ ነበር። ከአንድ ሳምንት በፊት ሌባ ብለው ወደ እናቱ ሰደውታል። እናቱም ከዚያ ወዲህ አታነጋግራቸውም። ‹‹ጋሼ፣ አንድ ነገር መዝነን እንይና ከዚያ ይፈርዳሉ›› አልናቸው።

በዚያው ቀን ከገበያ የገዙት በርበሬ ስለነበረ ከርሱ 5 ኪሎ መዝነን በንጹሕ ሸራ ላይ ለአራት ቀን ፀሐይ አሰጣነው። ማታ ማታ ጤዛ እንዳይነካው እየተሰበሰበ ገባ። በአራተኛው ቀን በዚያው ሚዛን ሲመዘን 4 ኪሎ ከ550 ግራም ሆነ። ከ5 ኪሎ 450 ግራም የወሰደው ፀሐይ ነው። በ10 ኩንታል ሲሰላ 90 ኪሎ ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመቶ 18 እጅ ውኃ ያለበት 1000 ኪሎ በርበሬ ውስጥ 180 ኪሎው ውኃ፣ 820 ኪሎው ደረቅ ነገር ነው። በርበሬው በመጋዘን እየደረቀ ሄዶ ከመቶ 10 እጅ ውኃ ብቻ ሲቀረው ደረቁ ነገር ያው 820 ኪሎ ነው፤ ይህ ግን አሁን ከመቶ 90 እጅ ስለሆነ ጠቅላላው ክብደት 911 ኪሎ ይሆናል። 89 ኪሎ ማንም ሳይነካው ጠፋ። የተገዛው ከመቶ 14 እጅ ውኃ ይዞ ከሆነ ደግሞ 956 ኪሎ ይቀራል፤ የሚጎድለው 44 ኪሎ ነው። የነጋዴው በርበሬ በጥቅምት ሲገዛ ምን ያህል እርጥበት እንደነበረው የለካው ሰው የለም። በእጁ የመዘነው ባይኖር እንኳ የጎደለው ከዚህ ስሌት ጋር መቀራረቡ ልጁን ለመወንጀል የሚያበቃ ምክንያት እንደማይኖር ያሳያል።

ዋጋው ላይ ያለው ስሕተት ከዚህም ይብሳል። ለምሳሌ ያህል በርበሬውን ኪሎውን በ200 ብር ገዛን ብንል፣ ለ1000 ኪሎ 200,000 ብር ከፍለናል። ሲደርቅ የቀረን 911 ኪሎ ስለሆነ አንዱ ደረቅ ኪሎ የቆመብን በ219 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ነው። ነጋዴው ‹‹በ200 የገዛሁትን በ215 ሸጥኩ፣ በኪሎ 15 ብር አተረፍኩ›› ይላል። በእጁ የገባው ግን 195,865 ብር ነው። የጆንያ፣ የጫኝና የመጋዘን ኪራይ ሳይታሰብ ከ4,000 ብር በላይ ከስሯል። ዓመቱን ሙሉ እየሠራ፣ ብዙ እየሸጠ ገንዘቡ ለምን እንደሚያንስ የማያውቅ ሰው የሚጨነቀው በዚህ ምክንያት ነው። ሲጨነቅም የሚጠረጥረው በቅርቡ ያለውን ሰው ነው።

ስለሆነም ከግዢ በፊት የ5 ኪሎ ምዘናን ማስለመድ ከልማት ሠራተኛው ይጠበቃል። ናሙናው ከአንድ ጆንያ አፍ ብቻ መወሰድ የለበትም፤ ከላይ፣ ከመካከልና ከሥር ይወሰድ። እርጥቡ በርበሬ ከሥር መገኘቱ የአጋጣሚ ነገር አይደለም፤ ይህን ገበያ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ጊዜ ሲያጥር ደግሞ በእጅ መመርመር ይረዳል። በሚገባ የደረቀ ዛላ ሲነቀነቅ ፍሬው ውስጡ ይንሿሿል፤ ያልደረቀው እንደ ቆዳ ይተጣጠፋል። ሥጋው ወፍራም የሆነ ዛላ ውጪው ደርቆ ሳለ በእንጨቱ በኩል እርጥበት ስለሚይዝ እዚያ ላይ መጫን ነው። ከልክ በላይ የደረቀውም ይሰባበርና ዋጋው ይወርዳል፤ ስለዚህ ማድረቅ ሁሉ ጥሩ ነው ማለታችን አይደለም።

ክብደት ለመጨመር ሲሉ ውኃ የሚረጩ መኖራቸው የታወቀ ነው። ይህ ገዢውን ከማታለሉ ሌላ እርጥብ በርበሬ ሲከማች ሻጋታ ያበቅላል። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙም በመፍጨትም ሆነ ወጥ ውስጥ በማብሰል አይጠፋም። የሻገተውን ከደኅናው ቀላቅሎ ማስፈጨት ዱቄቱን ሁሉ መበከል ነው። ጆንያዎች ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብለው ይደርደሩ።

ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ይህ ጉዳይ የበለጠ ይመለከታቸዋል። የማኅበር መጋዘን ጠባቂ በቆጠራ ጊዜ ጉድለት ሲገኝበት የሚያስረዳበት ማስረጃ የለውም። ወይ ከደመወዙ ይከፍላል ወይ ይሰናበታል፤ እርሱን የተካውም በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ችግር ይወድቃል። ‹‹ደረቀ›› የሚለው ቃል ብቻውን ደግሞ ለእውነተኛ ሌባ መሸሸጊያ ይሆናል። ስለዚህ ምርቱ ሲገባ የናሙናው ምዘና በሥራ አመራር አባልና በመጋዘን ጠባቂው ፊት ተደርጎ ሁለቱም ይፈርሙበት። ናሙናው ከመቶ 5 እጅ ከቀነሰ ለዚያ ጭነት የሚፈቀደው ጉድለት ያው ነው። ከዚያ በላይ የጎደለውን ጠባቂው ይጠየቅበታል። ይህን ውሳኔ ጠቅላላ ጉባኤው አስቀድሞ ሊያጸድቀው ይገባል፤ ጉድለት ከተገኘ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ጠብ እንጂ ውሳኔ አይወጣውም።

ቆጮ እንደ በርበሬ አይደለም

በወልቂጤ የሚነግዱት ሴቶች ከቸሃ፣ ከእዣና ከጉመር የሚመጣውን ቆጮ ተቀብለው በከተማው ይሸጣሉ፤ ወደ አዲስ አበባም ይልካሉ። ቆጮ በጉድጓድ ውስጥ በኮባ ተሸፍኖ፣ ድንጋይ ተጭኖበት ለብዙ ወራት ይቀመጣል። ከጉድጓዱ ከወጣ በኋላ ግን አየር ስለሚያገኘው ጠባዩ ይለወጣል፣ ሻጋታም ይጀምረዋል። እንግዲህ የቆጮ መጋዘን የገበሬው ጉድጓድ ነው። ነጋዴዋ ዋጋ ረከሰ ብላ የሁለት ሳምንት ሽያጭ ብትገዛ የጉድጓዱን ሥራ ወደ መደብሯ ማምጣቷ ነው፤ በየማታው እየገለጠች ማየቷም አይቀርም። ካለፉት አራት ገበያዎች በትንሹ የተሸጠበትን ቀን ወስዳ በዚያ ልክ ብትገዛ ይሻላል። የሚቀርባት ትርፍ ትንሽ ነው፤ ገንዘቧ ግን በየሳምንቱ ይመለሳል። በርበሬ ገንዘብን ለወራት አስሮ የሚያስቀምጥ ዕቃ ሲሆን ቆጮ ገንዘብን የሚያመላልስ ዕቃ ነው። በተበደሩት ገንዘብ በርበሬ ማከማቸት የሚያስጨንቀውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዕዳው በየወሩ ይጠየቃል፣ ዕቃው ግን ገና ዋጋውን ይጠብቃል።

የመስቀል ወጪና የጥቅምት ግዢ

በጉራጌ አገር መስቀል ምን እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ነጋዴው መደብሩን ዘግቶ ወደ ቤተ ዘመዱ ይገባል፤ ሰንጋ ይታረዳል፤ ለትልቁም ለትንሹም ልብስ ይገዛል። ይህ እንዲቀር አንመክርም፤ ብንመክርም የሚሰማን የለም። ልብ ማለት የሚገባው ግን ገንዘቡ በመስከረም ሲያልቅ የበርበሬው ግዢ ወዲያው በጥቅምትና በኅዳር መድረሱን ነው። በዚያ ወቅት ባዶ እጁን የሆነ ነጋዴ በውድ ይበደራል፣ ወይም የገበሬውን በርበሬ በዱቤ ይወስዳል። አረፋን በዚህ መልክ የሚያከብሩት ደግሞ በዓሉ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚመጣ አንዳንድ ጊዜ ከግዢ ወቅት ርቆ፣ አንዳንድ ጊዜ በርሱ ላይ ይውላል፤ ስለዚህ በየዓመቱ እንደ አዲስ ሊያሰሉ ይገባል።

እቁብ ለዚህ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ አገሩም የእቁብ አገር ነው። 20 ሰዎች በየሳምንቱ 1,000 ብር ቢጥሉ ለባለ ዕጣው 20,000 ብር ይደርሰዋል። ይሁንና መጀመሪያ የወሰደ ሰው ተበድሯል፣ መጨረሻ የወሰደ ሰው ቆጥቧል፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት 20,000 ብሩን እንደ ትርፍ ቆጥሮ ለበዓል ካወጣው ለቀሪዎቹ 19 ሳምንታት የሚጥለውን ከመደብሩ ዕቃ መንቀል ይጀምራል። መዋጮው መወሰን ያለበት በጥሩ ገበያ ሳምንት ሳይሆን በክረምት ጭቃ ሰው ከቤቱ በማይወጣበት ሳምንት በሚገኘው ትርፍ ልክ ነው። ዳኛውና አባላቱ ተራ መለዋወጥን ከፈቀዱ አንዱን ለበዓል፣ ሌላውን ለግዢ ማዋል ይቻላል።

የጓዳውን ወጪ በሚመለከት አንድ ብቻ እንላለን። ነጋዴው ለራሱ የወር ደመወዝ ይቁረጥ፤ ከመሳቢያው ሌላ ነገር ሲያነሣ፣ ስኳርም ቢሆን፣ ይጻፍ። ዱቤውም እንዲሁ፤ ያልተጻፈ ዱቤ ወዳጅን ያጣላል።

መዝገቡ ብዙ መስመር አያስፈልገውም። ቀን፣ የሻጩ ስም፣ የገባው ክብደት፣ 5 ኪሎው ሲደርቅ የሆነው፣ የተከፈለው ዋጋ፣ በደረቅ ክብደት ሲሰላ የቆመበት ዋጋ፣ የወጣው ክብደት። ከላይ በጠቀስናቸው ነጋዴ መደብር ይህን መዝገብ አሁን የሚይዘው ያው የእኅታቸው ልጅ ነው። ሽማግሌ ተልኮ በግንቦት ተመልሷል፤ እናቱ ግን እስከ መስቀል ድረስ ወንድሟ ቤት አልገባችም። ልጁ ናሙናውን ፀሐይ ላይ ሲያሰጣ ከጎረቤት መደብር እየመጡ ያያሉ። በዚህ ዓመት ሦስቱ የራሳቸውን 5 ኪሎ ይዘው መጥተው በርሱ ሚዛን አስመዝነዋል።

የልማት ሠራተኞች ይህን ምዘና በመጀመሪያዎቹ የጥቅምት ገበያዎች ላይ፣ ገዢና ሻጭ ባሉበት ቢያሳዩት ይመረጣል። ሚዛኑ አስቀድሞ በታወቀ ክብደት ይፈተሽ።