ቡናው ከምሳ ይቅደም፤ ደም ማነስን በራሳችን ገበታ ለመከላከል

«ደም ማነስ አለብህ» የተባለ ሰው ከቤተ ሙከራ ሳይወጣ ሁለት ምክር ይደርሰዋል፦ ሥጋ ብላ፣ ቀይ ሥር ጨምቀህ ጠጣ። የመጀመሪያው ኪስ ይጠይቃል፣ የጾም ወራትም አይፈቅዱለትም። ሁለተኛው ከቀለሙ በቀር ብዙም የለውም። 100 ግራም ቀይ ሥር ውስጥ ያለው ብረት 1 ሚሊግራም አይሞላም፤ ያንኑ ያህል የተቀቀለ ምስር ግን ከ3 ሚሊግራም በላይ አለው። ደም ቀይ ነውና ቀይ ነገር ደም ይሆናል ከተባለማ በርበሬ የሚስተካከለው አይኖርም ነበር።

በመሶባችን ላይ ብረት ጠፍቶ አያውቅም። ጤፉም፣ ምስሩም፣ ሽምብራውም፣ ጎመኑም አላቸው። ሆኖም በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉት ሕፃናት 57 በመቶው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ደግሞ 24 በመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው። ወባ፣ የአንጀት ትልና የምግብ ማነስ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። እኔ የማወራው ግን እያንዳንዱ ቤት ዛሬውኑ ሊያስተካክለው ስለሚችለው ነገር ነው፤ በልተነው ወደ ደም ሳይገባ ስለሚያልፈው ብረት።

የእህልና የጥራጥሬ ብረት እንደ ሥጋው ብረት በቀላሉ አይመጠጥም። ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ጨብጦ ይይዘዋል፣ ሳይለቀውም አብሮት ይወጣል። እናቶቻችን ስሙን ሳያውቁት መላውን ያውቁ ነበር፤ መዘፍዘፍ፣ ማጎንቆል፣ ማቡካት።

1. አስቀድመው ይመርመሩ

ድካም፣ ማዞር፣ ደረጃ ሲወጡ የልብ መምታትና የዓይን ሽፋን ውስጡ መንጣት ደም ማነስን ያስጠረጥራሉ፤ የሚያረጋግጠው ግን የደም ምርመራ ነው። ቁጥሩን ጽፈው ያስቀምጡ፣ በኋላ ይፈልጉታል። የብረት እንክብል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይጀመርም፤ በቤት ውስጥ ካለም ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ፣ ሕፃንን ይመርዛል። ነፍሰ ጡር ደግሞ ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን እንክብል በምንም ምግብ አትተካውም።

2. በቆልትን ከሕማማት ውጭም ይሥሩት

ብዙ ቤት በቆልትን የጾም ምግብ ብቻ አድርጎታል። ያሳዝናል፤ ከሙያችን ሁሉ በርካሽ ዋጋ ብዙ የሚሠራው እሱ ነው። ዘሩ ሲያጎነቁል ለራሱ እድገት ሲል ፋይቴቱን መሰባበር ይጀምራል፣ ተጨብጦ የነበረው ብረትም ይለቀቃል።

ባቄላ፣ ሽምብራ ወይም ድፍን ምስር ይምረጡ። ክክ አይሆንም፤ የተከካ እህል አያጎነቁልም። ለቅመው አጥበው ማታ ብዙ ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉት። ጠዋት ውሃውን ይድፉት፤ ከፋይቴቱ ከፊሉ የሚወጣው በዚያ ውሃ ነው፣ ስለዚህ መቀቀያ አያድርጉት። ባቄላ ቆዳው ወፍራም ስለሆነ አንድ ሙሉ ቀን ቢዘፈዘፍ ይሻላል። ከዚያ አጥልለው በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ፀሐይ በማይነካው ቦታ ያኑሩት። ጠዋትና ማታ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት፣ እንደገና ያጥልሉት። ምስር በሁለተኛው ቀን ጉንቁሉ ብቅ ይላል፣ ባቄላ ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ቆላ ላይ ይፈጥናል፣ ደጋ ላይ ይዘገያል። የጉንቁሉ ርዝመት ከጥፍር ሳያልፍ ይቀቀል።

ቢያዝለገልግ ወይም ቢሸት ይጣል፣ አያሳሳዎት። ሳይበስልም አይበላ፤ ለጥራጥሬ ጉንቁል የሚመቸው እርጥበትና ሙቀት ለባክቴሪያም ይመቻል። አንድ ማስጠንቀቂያ ስለ ባቄላ፦ በዘር በሚወረስ የኢንዛይም እጥረት ምክንያት ባቄላ ሲበሉ ቀይ የደም ሕዋሳቸው የሚፈርስባቸው ሰዎች አሉ። በቤተሰብዎ ባቄላ በልቶ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ወይም ሽንቱ የጠቆረ ካለ ሽምብራውን ይያዙ።

የበሰለው በቆልት በጨው ብቻ ይበላል፣ በቀይ ሽንኩርትና በቃሪያ ቢቁላላም ያምራል።

3. ሊጡን አያጣድፉት

እርሾው ሊጡን ባኮመጠጠው መጠን ፋይቴቱ ይቀንሳል። ሁለት ሦስት ቀን ያደረ ሊጥ፣ ከላይ የጠለለው ውሃ ተደፍቶ፣ አብሲት ተጥሎለት ኩፍ ሲል የሚጋገረው እንጀራ፣ ጠዋት በመጋገሪያ ዱቄት ተበጥብጦ ማታ ከሚቀርበው በዚህ ይለያል። ውጭ አገር ያላችሁ ቀዝቃዛ ወጥ ቤት ሲያስቸግራችሁ ምድጃውን ሳትለኩሱ መብራቱን ብቻ አብርታችሁ ቡሃቃውን ውስጡ ብታስቀምጡት ሙቀቱ ይበቃዋል። የማስታወሻ ወረቀት በምድጃው በር ላይ ለጥፉ፤ ፕላስቲክ ቡሃቃ ውስጡ ተረስቶ ምድጃው ሲለኮስ ሽታው ሳምንት አይለቅም።

ስለ ቀይ ጤፍ ብዙ ይነገራል። ብረቱ ብዙ ነው መባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን በአንዳንድ ልኬቶች የሚታየው በጣም ትልቅ ቁጥር ከፊሉ የአውድማ አፈር ነው። በሬ ያበራየው ጤፍ በደንብ ሲታጠብ ቁጥሩ ይወርዳል፤ የአፈር ብረት ደግሞ ለሰው አንጀት ብዙም አይጠቅም። ቀይ ጤፍ ይብሉ፣ ተማምነውበት ሌላውን ግን አይተዉ።

4. ድስቱን ይመልከቱ

በ1999 (እ.ኤ.አ.) ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ በኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት፣ በብረት ድስት የበሰለ ምግብ የተመገቡ ሕፃናት በአሉሚኒየም ከተበሰለላቸው ይልቅ የደም መጠናቸው እንደተሻሻለ አሳይቷል። እኛ ብረት ድስት የምንለው ግን አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው። እውነተኛው ከባድና ጥቁር ነው፣ እርጥብ ከተተወም ይዝጋል። ካለዎት ጎመኑንና ምስሩን በሱ ይሥሩ።

5. ሎሚውን ከእሳት ካወረዱ በኋላ

ቫይታሚን ሲ ብረቱ እንዲመጠጥ ይረዳል፣ ግን ሙቀት ያጠፋዋል። ስለዚህ ሎሚው ወጡ ከወረደ በኋላ ወይም በማዕዱ ላይ ይጨመቅ። ጥሬ ቃሪያ በክብደት ሲመዘን ከሎሚ ይበልጣል፤ ከሽሮው ጎን ቃሪያ በቲማቲም ሰላጣ ማቅረብ እንግዲህ ለጌጥ ብቻ አይደለም። ከምግብ ጋር አንድ ዘይቱን ወይም ብርቱካን የሚበላ ልጅም እዚያው ጥቅሙን ያገኛል።

6. የቡናውን ሰዓት ይቀይሩ

ከባዱ ይሄ ነው፣ አውቃለሁ። ማዕዱ ሳይነሳ ቡናው ይቆላል፣ እንጀራው ሳይወርድ አቦሉ ይቀዳል። በቡናና በሻይ ያሉት ፖሊፌኖሎች ግን ብረቱን እዚያው አንጀት ውስጥ ያስሩታል። በ1983 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት አንድ ስኒ ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ የብረት መመጠጥን በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደቀነሰ ለክቷል። የተበላው ሀምበርገር ነው፣ ሽሮ አይደለም፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። ከሁሉ የገረመኝ ሌላ ነው፦ ቡናው ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣም ጉዳቱ አልቀነሰም፤ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ግን ምንም አላደረገም።

ስለዚህ ምሳ 7 ሰዓት ከሆነ ቡናው 5 ሰዓት ተኩል ላይ ይፈላ፣ ወጡ እየተሠራ። ካልሆነ 9 ሰዓት ተኩል ይጠብቅ። ጎረቤት ጠርተው ከሆነ ቡናው ቀድሞ ምሳው ይዘገይ እንጂ ቡና አይቅር፤ ቡና ክፉ ነገር ሆኖ አይደለም፣ ሰዓቱ ነው። ለልጆች በዳቦ የሚሰጠው የጠዋት ሻይ ግን ቢቀር ይሻላል፤ ውሃ ይበቃቸዋል።

7. ሥጋ ሲገኝ

ጥቂት ይበቃል። ሥጋ የራሱ ብረት በቀላሉ መመጠጡ ብቻ ሳይሆን አብሮት የተበላውን የምስርና የጎመን ብረትም ይረዳል። ስለዚህ ለብቻው ከሚጠበስ ከጎመን ጋር ይሠራ። ጉበት በብረት የበለጠ ነው፣ ይብሰል ብቻ፤ ነፍሰ ጡሮች ግን በቫይታሚን ኤ ብዛት የተነሳ ጉበት አያብዙ።

ቀይ የደም ሕዋስ ዕድሜው 120 ቀን ያህል ነው፣ ለውጡም በሳምንት አይታይም። ሐኪሙ በሰጠዎት ቀጠሮ፣ ቀጠሮ ካልሰጠዎትም ከሦስት ወር በኋላ፣ ያችን የጻፏትን ቁጥር ይዘው ይመለሱ። ከፍ ካላለች ገበታውን አይውቀሱ፤ የሚደማ ጨጓራ፣ የበዛ የወር አበባ ወይም ደም የሚመጥ የአንጀት ትል ሊኖር ይችላልና ሐኪሙ ምንጩን እንዲፈልግ ይጠይቁት።