ፕሪንተር ገዝቶ ማተም ወይስ በገጽ ሒሳብ መዋዋል?

ሁሩታ ላይ ገብስና ስንዴ የሚሰበስብ ነጋዴ ለቢሮው ፕሪንተር ሲፈልግ አስቀድሞ የሚጠይቀው የመሣሪያውን ዋጋ ነው። ይሁንና በአገልግሎት ዘመኑ ብዙ ገንዘብ የሚወስደው መሣሪያው ሳይሆን ቀለሙ ነው። በዚህም ምክንያት መሣሪያውን፣ ቀለሙንና ጥገናውን አቅራቢው ችሎ ደንበኛው በታተመው ገጽ ልክ የሚከፍልበት የአገልግሎት ውል ሌላ አማራጭ ሆኗል።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። ዜሮክስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1959 «914» የተባለውን የፎቶ ኮፒ መሣሪያ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ዋጋው ውድ በመሆኑ በወር 95 ዶላር ያከራይ ነበር። የመጀመሪያዎቹ 2,000 ቅጂዎች በኪራዩ ውስጥ የሚታሰቡ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ 4 ሳንቲም ይከፈል ነበር። ጥገናውም የኩባንያው ኃላፊነት ነበር።

የሁለቱ ሒሳብ

ለማነጻጸር ያህል የሚከተለውን ምሳሌ እንውሰድ። ፕሪንተሩ በ48,000 ብር ተገዝቶ አራት ዓመት ቢያገለግል የወር ድርሻው 1,000 ብር ነው። ለጥገና በወር 500 ብር ይያዝ። 1,600 ገጽ የሚያትም ካርትሪጅ 4,800 ብር ቢሸጥ አንዱ ገጽ 3 ብር ይፈጃል። በሌላ በኩል የአገልግሎት ውሉ በወር 6,000 ብር ሆኖ 2,000 ገጽ ይፈቅዳል፤ ከዚያ በላይ ለአንድ ገጽ 2 ብር ያስከፍላል። ወረቀቱን በሁለቱም በኩል ደንበኛው ይገዛል።

በወር 1,000 ገጽ የሚያትም ቢሮ በግዥ 4,500 ብር፣ በውል ግን 6,000 ብር ያወጣል። 1,500 ገጽ ላይ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። 3,000 ገጽ ላይ ግዥው 10,500 ብር ሲደርስ ውሉ 8,000 ብር ላይ ይቆማል። በወር ከመቶና ሁለት መቶ ገጽ የማያልፍ ደግሞ ሁለቱንም ትቶ በአቅራቢያው ባለ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ቢያሳትም ይሻለዋል።

የመኸሩ ወራት

የእህል ነጋዴ ሥራ ግን ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም። በአርሲ ደጋ እህሉ የሚሰበሰበው በበጋው መግቢያ በመሆኑ የግዥ ውሉ፣ የመጋዘን ሰነዱና ወደ አሰላ ብቅል ፋብሪካም ሆነ ወደ ሌላ ገዥ የሚሄደው ጭነት ወረቀት የሚበዛው በዚያን ጊዜ ነው። አንድ ቢሮ ከኅዳር እስከ የካቲት በየወሩ 4,000 ገጽ፣ በቀሩት ስምንት ወራት 500 ገጽ ቢያትም የዓመቱ ድምር 20,000 ይሆናል። የወር አማካዩ ከ1,500 ስለሚበልጥ ውሉ አዋጭ ይመስላል።

ሒሳቡ ሲሠራ ግን ሌላ ነው። የገጹ መጠን በየወሩ የሚዘጋ ከሆነ አራቱ ወራት 40,000፣ ስምንቱ ወራት 48,000፣ በድምሩ 88,000 ብር ያስከፍላሉ። ግዥው 78,000 ብር ብቻ ነው። ሳይታተም የቀረው ገጽ ወደሚቀጥለው ወር እየተላለፈ በዓመት መጨረሻ የሚታሰብ ከሆነ ግን ውሉ 72,000 ብር ይሆናል። በአንድ አንቀጽ ምክንያት የሚመጣው ልዩነት 16,000 ብር ነው።

ከመፈረም በፊት

የካርትሪጅ የገጽ ቁጥር የሚለካው ከገጹ 5 በመቶ ያህሉ ብቻ በቀለም ተሸፍኖ ነው። «85ኤ» የተባለው የኤችፒ ካርትሪጅ 1,600 ገጽ ያትማል ሲባል በዚህ ልክ ነው። ሠንጠረዥና የድርጅት ዓርማ የሚበዛበት ሰነድ ቀለሙን ቶሎ ይጨርሰዋል። በገጽ የሚከፍል ደንበኛ ይህ ጭማሪ አይነካውም፤ የገዛው ግን ራሱ ይሸከመዋል።

የውጭ ምንዛሪውም ሊጤን ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ቀለም ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ፕሪንተር የገዛ ሰው ጭማሪውን በየካርትሪጁ ይከፍላል። የተዋዋለውም ቢሆን ከጭማሪው የሚድነው የገጹ ዋጋ እስከ ውሉ ማብቂያ በብር የተቆረጠ እንደሆነ ነው። አቅራቢው ዋጋውን እንዲከልስ የሚፈቅድ አንቀጽ ካለ ጥበቃው የለም።

ርቀትም ዋጋ አለው። አቅራቢው አዲስ አበባ ከሆነ ባለሙያው ሁሩታ የሚደርስበት ሰዓት፣ የመጓጓዣው ከፋይና እስኪጠገን የሚሰጠው ምትክ መሣሪያ በውሉ ላይ በቁጥር መጻፍ አለባቸው። መኪና ተጭኖ ሰነድ ሲጠብቅ «በቅርቡ እንልካለን» የሚል ቃል አይጠቅምም። ፕሪንተር የገዛም ቢሆን በመኸር ወራት አንድ ትርፍ ካርትሪጅ ከመሳቢያው ሊጠፋ አይገባም።

እንግዲህ ነጋዴው ዋጋ ከማጠያየቁ በፊት ያለፈው ዓመት ወረቀቱን በየወሩ ይቁጠር። ከዚያም ሁለቱን ሒሳቦች ወይ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ጋር፣ ወይ ያለ ታክሱ፣ ግን በአንድ ዓይነት መንገድ ጎን ለጎን ያስቀምጥ። አስራ ሁለቱ የወር ቁጥሮች በእጁ ካሉ የትኛው እንደሚያዋጣው ሻጩ ሳይነግረው ያውቀዋል።