የአንድን ዶሴ ንዑሳን ዶሴዎች በኮምፒዩተር ስለ መዘርዘር

ዕቃው ከጂቡቲ ተጓጉዞ ሞጆ ደረቅ ወደብ የደረሰለት የአዳማ አስመጪ፥ ትራንዚተሩ በስልክ ደውሎ «የስሪት አገር ማስረጃው የት አለ?» ብሎ በጠየቀው ጊዜ መልሱን ቶሎ ሊሰጥ ካልቻለ ጉዳቱ የሚቈጠረው በገንዘብ ነው። ነፃ ተብለው የተወሰኑት ቀኖች ካለፉ በኋላ ዕቃው ባረፈበት ስፍራ በየቀኑ ኪራይ ይታሰብበታልና። ሰነዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቶ አይደለም፤ በራሱ በነጋዴው ኮምፒዩተር ውስጥ፥ ከብዙ ዶሴዎች መካከል ባንደኛው፥ ማንም በማያስታውሰው ስም ተቀምጦ ነው።

ቀድሞ በነጋዴ ቤት መዝገብ ቤት ሲደራጅ ጸሐፊው ለእያንዳንዱ ጭነት አንድ ዶሴ ከፍቶ፥ ቍጥር ሰጥቶ፥ በባሕር መዝገብ ላይ ያሰፍረው ነበር። ዶሴው ከመደርደሪያው ቢታጣ እንኳ ባሕር መዝገቡ መኖሩን ይመሰክራል። ዶሴው ፎልደር ተብሎ ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር ግን ባሕር መዝገቡ አብሮ አልተዛወረም። ባለቤቱም፥ ሒሳብ ሹሙም፥ ለጥቂት ሳምንት የተተካው ጸሐፊም እንደየፈቀዱ ዶሴ በዶሴ ውስጥ ይከፍታሉ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ «ጭነት» በሚለው ዋና ዶሴ ሥር ስንት ንዑሳን ዶሴዎች እንዳሉ የሚያውቅ ሰው አይገኝም። በዓይን እያዩ በእጅ መገልበጥ አድካሚ ነው፥ ስሕተትም አያጣውም። ስለዚህ ባሕር መዝገቡን ራሱ ኮምፒዩተሩ እንዲጽፈው ማድረግ ይሻላል።

ለዚህ የሚያገለግለው ስክሪፕት የሚባለው፥ ይኸውም ኮምፒዩተሩ ከላይ ወደ ታች እያነበበ የሚፈጽመው የጥቂት መስመር የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። ስክሪፕት ከሚጻፍባቸው ቋንቋዎች መካከል ፓይተን የተባለው ያለ ክፍያ የሚገኝና ለጀማሪ የሚቀል ነው። ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው በ1983 ዓ.ም. ሲሆን፥ ስሙም ብዙዎች እንደሚገምቱት ከዘንዶው ሳይሆን ከአንድ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን የቀልድ ቡድን የተወሰደ ነው። ይህ ሲባል ነጋዴው ሥራውን ትቶ ፓይተን ይማር ማለት አይደለም። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የፕሮግራም መሠረታዊ ትምህርት የቀሰመ ወጣት በመደብሩ ካለ ሥራው ለእርሱ የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነው። ሆኖም አዛዡ ምን እንደሚያዝ ማወቅ ስለሚገባው አሠራሩ ቀጥሎ ተገልጿል።

ስክሪፕቱ በላቲን ፊደል የሚጻፍ አራት መስመር ነው። በመጀመሪያው መስመር «ኢምፖርት ኦኤስ» ተብሎ፥ የኮምፒዩተሩን ፋይሎችና ዶሴዎች ለመመልከት የሚያስችለው መሣሪያ ይጠራል። በሁለተኛው «ስካንድር» የተባለው ትእዛዝ ዋናውን ዶሴ ከፍቶ በውስጡ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ያቀርባል። ሦስተኛው መስመር የነገሩ ቍልፍ ነው፤ ለቀረበው ሁሉ «ኢዝ ዲር»፥ ማለትም «አንተ ዶሴ ነህን?» የሚል ጥያቄ ያቀርባል። ይህ ጥያቄ ከቀረ የኢንቮይስ ፎቶግራፍ፥ የዋጋ ሠንጠረዥና ዶሴ ሁሉ ተደባልቆ ይወጣል። አራተኛው «ፕሪንት» ሲሆን፥ «አዎን» ብሎ የመለሰውን ስም ያወጣል። ሦስተኛው መስመር ከሁለተኛው፥ አራተኛውም ከሦስተኛው አራት አራት ባዶ ቦታ ገባ ብሎ መጻፍ አለበት፤ ፓይተን የትኛው ትእዛዝ በየትኛው ሥር እንደሆነ የሚለየው በዚህ ነው። የዋናው ዶሴ አድራሻ ሲጻፍም ዊንዶውስ የሚጠቀምበት ወደ ግራ ያዘነበለው ሰረዝ በፓይተን ሌላ ትርጉም ስላለው፥ በምትኩ ወደ ቀኝ ያዘነበለው ቢገባ ከብዙ ድካም ያድናል።

እንዲህ የተጻፈው ስክሪፕት የሚያሳየው የመጀመሪያውን ደረጃ ብቻ ነው። በዓመቱ ዶሴ ውስጥ የወሩ፥ በወሩ ውስጥ የጭነቱ ዶሴ ካለ በ«ስካንድር» ፈንታ «ዎክ» የተባለው ትእዛዝ ይገባል፤ እርሱ እስከ መጨረሻው ጥልቀት ወርዶ ያለውን ሁሉ ይዘረዝራል።

ዝርዝሩ ከወጣ በኋላ የሚታየው ነገር ግን ብዙ ጊዜ ባለቤቱን የሚያስደንቅ ነው። ከአዳማ ጀምሮ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚነግድ ጅምላ አከፋፋይ የደንበኞቹን ዶሴዎች በየከተማው ስም ከፍሏል እንበል። «ስካንድር» የሚያቀርበው ቅደም ተከተል የተወሰነ ስላልሆነ «ሶርትድ» በተባለው ትእዛዝ በፊደል ተራ ይደረደራል። የግዕዝ ፊደል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 በዩኒኮድ ሲገባ የተደረደረው በሀ ለ ሐ መ ተራ ስለሆነ ዝርዝሩ እንዲህ ይመጣል፦ መቂ፥ መተሐራ፥ ሞጆ፥ ሻሸመኔ፥ ባቱ፥ ናዝሬት፥ አርሲ ነገሌ፥ አዳማ፥ ወለንጪቲ፥ ዝዋይ። ዐሥር ስም አለ፤ ከተሞቹ ግን ስምንት ናቸው። ናዝሬትና አዳማ፥ ዝዋይና ባቱ አንድ አንድ ከተማ መሆናቸውን ሰው ያውቃል፥ ኮምፒዩተሩ ግን አያውቅም። የባቱ ደንበኛ የዱቤ ደረሰኝ ግማሹ በ«በ»፥ ግማሹ በ«ዘ» ተቀምጦ ከሆነ፥ የዕዳው ድምር በየትኛውም ዶሴ ትክክል ሊሆን አይችልም። ደብረ ዘይትና ቢሾፍቱም እንደዚሁ ናቸው። ጸሐፊው በኦሮምኛ ቁቤ የጻፈ እንደሆነ ደግሞ ረጅሙ ድምፅ ፊደሉን በመድገም ስለሚጻፍ፥ የአዳማ ስም በእንግሊዝኛ ልማድ ከተጻፈው ይለያል፤ ለአንዲት ከተማም አራት ዶሴ ይከፈትላታል።

ከዚህም የሚብሰው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። መተሐራን አንዱ በ«ሐ»፥ ሌላው በ«ሃ»፥ ሦስተኛው በ«ሀ» ቢጽፈው አንባቢ ልብ አይለውም፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ከተሞች ናቸው። «ዕቃ» እና «እቃ»፥ «ሥራ» እና «ስራ» እንዲሁ ነው። የወር ስምም በፊደል ተራ ሲደረደር ሐምሌ ከመስከረም ይቀድማል፥ መጋቢትም ከጥቅምት በፊት ይመጣል። በቍጥር ቢጻፍ እንኳ 10 ከ2 ቀድሞ ይሰለፋል፤ ኮምፒዩተሩ ስሙን የሚያነበው እንደ ፊደል እንጂ እንደ ቍጥር አይደለምና። መድኀኒቱ 01፥ 02 እያሉ ባለ ሁለት አኃዝ አድርጎ መጻፍ ነው።

የዓመቱም ጉዳይ ቀላል አይደለም። «2015» የሚል ዶሴ ያገኘ ሰው የትኛው 2015 እንደሆነ ከስሙ ሊያውቅ አይችልም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ከመስከረም 2015 ጀምሮ ያለው ነው፤ የውጭ አገር ሻጭ በላከው ኢንቮይስ ላይ ያለው ቀን ተወስዶ ከሆነ ግን 2007 እና 2008 ዓ.ም. ይሆናል። የታክስ መርማሪ የአንድ ዓመት ሰነድ በጠየቀ ጊዜ የሌላ ዓመት ዶሴ ይዞ መቅረብ የሚያሳፍር ነው። ስለሆነም ከቍጥሩ ቀጥሎ «ዓም» ወይም «እኤአ» ተብሎ ይጨመርበት።

ዝርዝሩ እነዚህን ጕድለቶች ካሳየና ስሞቹ ከተስተካከሉ በኋላ ዋናውን አገልግሎት ይሰጣል። አስመጪው በሒሳብ መዝገቡ ላይ ያሉትን የጭነት ቍጥሮች ለስክሪፕቱ ቢሰጠው፥ ፓይተን ሁለቱን ዝርዝሮች አነጻጽሮ በመዝገብ ኖሮ ዶሴ የሌለውን ጭነት ለይቶ ያወጣል። ነጭ ቦሎቄ የሚልክ ነጋዴም፥ በየወሩ የተጨማሪ እሴት ታክስ የሚያስታውቅ የሻሸመኔ ባለመደብርም በዚሁ መንገድ የጐደለውን ውልና ወር ያገኛል። ይሁን እንጂ ዶሴ መኖሩ ሰነድ መኖሩን አያረጋግጥም፤ ስም ብቻ ያለው ባዶ ዶሴ ብዙ ነው። ስክሪፕቱ በየዶሴው ያሉትን ፋይሎች ቈጥሮ ከስሙ ጐን እንዲጽፍ ይታዘዝ። ኢንቮይስ፥ ፓኪንግ ሊስት፥ ቢል ኦፍ ሎዲንግ፥ የስሪት አገር ማስረጃ፥ የባንክ ፈቃድና ዲክላራሲዮን ሊኖሩበት በሚገባው ዶሴ አጠገብ «2» የሚል ቍጥር ከታየ ትራንዚተሩ እስኪደውል መጠበቅ አያስፈልግም።

ዝርዝሩ በፋይል ሲቀመጥ የአጻጻፉ ሥርዐት «ዩቲኤፍ 8» መሆኑ በስክሪፕቱ ውስጥ መጠቀስ አለበት፤ አለዚያ በብዙ የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች የአማርኛው ስም ላይ ሲደርስ ስሕተት ብሎ ይቆማል። በኤክሴል የሚከፈት ከሆነ ደግሞ «ዩቲኤፍ 8 ሲግ» የተባለው ይመረጣል፥ ፊደሉም ሳይበላሽ ይነበባል። ከላይ የተገለጸው ስክሪፕት የሚያነብ እንጂ የሚሰርዝ ወይም የሚያዛውር አይደለምና ያለ ስጋት ሊሞከር ይችላል። ስሞችን ራሱ እንዲለውጥ ማዘዝ ግን ሌላ ነው፤ ይህ ከመደረጉ በፊት የዋናው ዶሴ ቅጅ በሌላ ዲስክ ይቀመጥ፥ የመጀመሪያውም ዝርዝር ቀን ተጽፎበት በወረቀት ታትሞ በመዝገብ ቤት ይያዝ።