እያዩ አለማየት

አንድ ሰው በበጋ ወራት የቤቱ ክዳን ተቀዶ ፀሐይ በቀዳዳው ስትገባ አየ እንበል። «ልድፈነው» ብሎ ያስባል። ነገር ግን ዝናብ የለምና «ቆይ፣ ይደርሳል» ይላል። ሰኔ ይገባል፤ ዝናቡ ይመጣል። መደቡ ይርሳል፣ በጓዳ ያለው እህል ይበሰብሳል። ያን ጊዜ «ምነው በደፈንሁት ኖሮ!» ይላል።

ይህ ሰው ዕውር አይደለም። ቀዳዳውን አይቶታል። የጎደለው፣ ያየውን አምኖ መነሣት ነው።

ቤት የአንድ ሰው ነውና ጉዳቱም የአንድ ቤተሰብ ነው። ብዙ ሰው እያየ ዝም ሲል ግን ጉዳቱ የአገር ይሆናል። በጣና ሐይቅ ላይ የደረሰው ነገር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ጣና ከአገራችን ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ዓባይም ከዚሁ ሐይቅ ባሕር ዳር ላይ ይወጣል። በዳርቻው የሚኖረው ሕዝብ ዓሣ ያጠምዳል፤ በደንገል ታንኳ ይጓዛል፤ ከብቱን ያጠጣል፤ ውሃው ሲሸሽ በረጠበው መሬት ላይ ይዘራል።

በዚህ ሐይቅ ላይ እምቦጭ የተባለው አረም መግባቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። መጀመሪያ የታየውም በሰሜን በኩል፣ የመገጭ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ ነው። እምቦጭ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። በውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ቅጠሉ ለምለም፣ አበባው ወይን ጠጅ ነው፤ ሲያዩት ያምራል።

በዚያን ጊዜ በሐይቁ ዳር የቆሙ ሁለት ሰዎች እንዲህ ተነጋገሩ እንበል፦

«አያ፣ ይህ የሚንሳፈፈው ምንድን ነው? አምና አልነበረም እኮ።»

«ተወው ወንድሜ፣ አበባ ነው። የሐይቁን ስፋት አታየውም እንዴ? እፍኝ ቅጠል ምን ያደርገዋል?»

«የዛሬ ሁለት ሳምንት ሦስት ነበር። ዛሬ ብቆጥረው ስድስት ሆኗል።»

«በል ና፣ መረባችንን እናውጣ።»

ታናሹ ቆጥሯል። ታላቁ ግን የሐይቁን ስፋት ብቻ አየ። የትኛው ልክ ነው? እስቲ እኛም እንቁጠር።

እምቦጭ ሙቀትና ምግብ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ያህል እጥፍ ሊሆን ይችላል። አንዱ ሁለት ይሆናል። ከዚያ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እያለ ይሄዳል። አሥር ጊዜ ሲታጠፍ 1024 ይደርሳል። ይህም በ20 ሳምንት ውስጥ ነው፤ አምስት ወር እንኳ አይሞላም። አንዱን እምቦጭ ልጅ በአንድ እጁ ያወጣው ነበር። 1024 ሲሆን ግን ጎረቤት መጥራት ያስፈልጋል። ደግሞም የውሃው ግማሽ ሲሸፈን «ግማሹ ገና ነፃ ነው» የሚል ሰው ተሳስቷል። የቀረው ጊዜ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው።

እንደዚህም ሆነ። አረሙ በደንቢያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ዳርቻ ተስፋፋ። ታንኳ መሄጃ አጣ። ከአረሙ ሥር ብርሃንና አየር ስላነሰ ዓሣው ተጎዳ። የግጦሽና የእርሻ መሬትም ተያዘ። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ብዙ ሕዝብ አረሙን ለመንቀል በዘመቻ ወጣ። ሰው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ እየገባ በእጁ ነቀለ።

ጠላቱ ያልታወቀ አልነበረም። ይኸው አረም በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ላይ የታየው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። ይህም ወደ ጣና ከመግባቱ ከአርባ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው።

እያየን የምናልፈው ሌላም ነገር አለ። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ነገር ግን ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ በክረምት ደፍርሰው ሲወርዱ የሚወስዱት ግንድ ብቻ አይደለም። የማሳችንን አፈርና ማዳበሪያ ጭምር ይዘው ወደ ጣና ይገባሉ። እምቦጭ የሚፋፋው በዚህ ነው። ስለዚህ እርከን የሚሠራ ገበሬ ማሳውንም ሐይቁንም ይጠብቃል።

አረሙን ስንነቅል ከነሥሩ እናውጣው። ከውሃው አርቀን እናድርቀው፤ ዳር ላይ ከተውነው ውሃው ሲሞላ መልሶ ይወስደዋል። ዘሩም በጭቃ ውስጥ እስከ ሃያ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ «ዘንድሮ ነቅለናል፣ አለቀ» ማለት ያው እያዩ አለማየት ነው። በየዓመቱ ዳርቻውን እየዞሩ መመልከት፣ አንዱን ሲያዩ አንዱን መንቀል ይገባል።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። እሳቱ ትንሽ ሳለ ቅጠል ያጠፋዋል። ቤቱን ከያዘው በኋላ ግን ወንዝም አይበቃውም።

ጥያቄዎች

1. ክዳኑ የተቀደደበት ሰው የጎደለው ምንድን ነው?
2. በውሃ ላይ 5 እምቦጭ አለ። በየሁለት ሳምንቱ እጥፍ ቢሆን ከስምንት ሳምንት በኋላ ስንት ይሆናል?
3. የተነቀለ እምቦጭ ከውሃው ርቆ መድረቅ ያለበት ለምንድን ነው?
4. በእናንተ ቀበሌ ሁሉም እያየው ዝም ያለው ነገር ምንድን ነው? በአምስት መስመር ጻፉ፤ ከጎረቤቶቻችሁም ጋር ተነጋገሩበት።