የሚተወውንም ማስተማር፦ የኩላሊት ስሌትና የሐኪሞች ተከታታይ ስልጠና

ለሐኪሞች የሚሰጠው ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ስልጠና በአብዛኛው የሚያተኩረው በአዲስ መድኃኒትና በአዲስ መመሪያ ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ስልጠናው የሚተወውን አሠራር ጭምር በግልጽ ካላስተማረ አዲሱ ሕክምና ለሁሉም በእኩል አይደርስም የሚል ነው። በማሳያነት የቀረበውም የኩላሊትን የማጣራት አቅም ለመገመት ሲያገለግል የኖረ አንድ ማባዣ ነው።

ይህ አቅም የሚገመተው በደም ውስጥ ካለው የክሬያቲኒን መጠን፣ ከዕድሜና ከጾታ በመነሣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ቀመር ታካሚው ጥቁር ከሆነ ውጤቱ በ1.159 እንዲባዛ ያዝዝ ነበር። ምክንያቱ ጥቁሮች የበለጠ ጡንቻ አላቸው የሚል ግምት ነው፤ ሆኖም «ጥቁር» የአንድ አገር ማኅበራዊ ምደባ እንጂ የሥነ ሕይወት መለያ አልነበረም።

በአሜሪካ ዳያሊሲስ ያልጀመረ አዋቂ ታካሚ የንቅለ ተከላ ተራው የሚቆጠርለት የማጣራት አቅሙ 20 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። ስሌቱ 18 ያሳየለት ሰው ተራ ይይዛል፤ ተመሳሳይ የደም ውጤት ያለው ጥቁር ታካሚ ግን ቁጥሩ ተባዝቶ 20.9 ስለሚሆን ከመስመሩ ውጭ ይቀራል። በዚያ የሚኖር ኢትዮጵያዊም በመዝገብ «ጥቁር» ተብሎ እስከ ተጻፈ ድረስ ዕጣው ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ዘርን የማይጠይቅ ቀመር ቀረበ፤ ከ2023 ጀምሮም የንቅለ ተከላ ማዕከላት የጥቁር ተጠባባቂዎችን ጊዜ እንዲያስተካክሉ ተደነገገ። በዚህም ከ14,000 በላይ ሰዎች የተጠባባቂነት ጊዜ ተስተካክሎላቸዋል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የተጀመረው ንቅለ ተከላ በሕያው ለጋሽ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ዋናው ሥጋት የተራ ጉዳይ አይደለም፤ የመድኃኒት አሰጣጥ ነው። ሜትፎርሚን አቅሙ ከ30 በታች ሲወርድ ይቋረጣል። 27 በማባዣው 31.3 ይሆናልና መድኃኒቱ ሊቆም ሲገባው ይቀጥላል። የሚያስቆጨው፣ ቀደም ሲል ይሠራበት የነበረው ሌላ ቀመር በጥቁር ደቡብ አፍሪካውያን ላይ ያለ ማባዣው የተሻለ እንደሚሠራ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት አሳይቶ ነበር። ማስረጃው ከዚሁ አህጉር እየወጣ እርማቱን ግን ከውጭ ጠበቅን።

አዲሱ ቀመርም ፍጹም አይደለም። ሲስታቲን ሲ የተባለውን ፕሮቲን አክሎ ማስላት ይበልጥ ወደ እውነቱ ያቀርባል፤ ምርመራው ግን በቀላሉ አይገኝም።

የኩላሊትን መዳከም እንደሚያዘገይ በ2020 እ.ኤ.አ. የተረጋገጠውን ዳፓግሊፍሎዚንን እንውሰድ። ስሌቱ በስሕተት ጤነኛ ያደረገው ታካሚ መድኃኒቱ ጨርሶ አይታሰብለትም። ስለዚህ በመድኃኒቱ ላይ የሚሰጥ ስልጠና ከመጠኑ በፊት በስሌቱ ቢጀምር ይመረጣል፦ ሠልጣኞች ስም የተሰወረባቸውን የክሊኒካቸውን መዛግብት ይዘው ይምጡ፤ ላቦራቶሪያቸውና ስልካቸው በየትኛው ቀመር እንደሚያሰሉ ይመርምሩ፤ እንደገና አስልተው ስንት ታካሚ ደረጃ እንደሚለውጥ ይቁጠሩ። ቀመሩ የሚገባው በላቦራቶሪው መሣሪያ ላይ በመሆኑም የላቦራቶሪ ባለሙያው ከሐኪሙ ጋር በአንድ ክፍል ሊሠለጥን ይገባል።