ቡታጅራ፦ ከርቀት ይልቅ በትስስር የምትገለጽ ከተማ

መግቢያ

አንዲት አነስተኛ ከተማ ከትልቅ ከተማ ጋር ያላት ግንኙነት በከተማ ጥናት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚለካው በሁለት መስፈርቶች ነው። አንደኛው በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሲሆን፣ ሁለተኛው ለሥራ በየዕለቱ የሚመላለሰው ሰው ብዛት ነው። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ገላንና ለገጣፎ ለገዳዲ በሁለቱም መስፈርቶች የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች ሆነው ቆይተው በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ቡታጅራ ግን የዕለት ተመላላሽ የሚደርስባት ከተማ ስላልሆነች ከዚህ መደብ ውጭ ትቀራለች።

ይሁን እንጂ የቡታጅራ መንገድ፣ ገበያና የበዓል አከባበር ከአዲስ አበባ ተነጥሎ ሊገለጽ አይችልም። ይህ ጽሑፍ የሚያቀርበው መከራከሪያ የሁለቱን ከተሞች ግንኙነት የሚሸከመው ዕለታዊ ምልልስ ሳይሆን ኑሮውን በሁለት ቦታ የመሠረተ ቤተሰብ ነው የሚል ነው። የከተማዋ ብዝኃነትም ከዚሁ የሰው እንቅስቃሴ ጋር የተሳሰረ ነው። ስለሆነም ሰውን በአንድ አድራሻና በአንድ ማንነት ብቻ የሚመዘግብ አሠራር ቡታጅራን ከሆነችው አሳንሶ ያሳያል።

የመልክዓ ምድሩ ድርሻ

ቡታጅራ የምትገኘው በዘቢዳር ተራራ ሰንሰለት ምሥራቃዊ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በስተምዕራብ የእንሰት ደጋ፣ በስተምሥራቅ ደግሞ ወደ ስምጥ ሸለቆ ዝቅ እያለ የሚሄደው የበርበሬና የበቆሎ ወይና ደጋና ቆላ ይዋሰኗታል። ቆጮና ቡላ ከላይ፣ በርበሬና በቆሎ ከታች ወደ አንድ ገበያ ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ። የማረቆ በርበሬ በአገር አቀፍ ደረጃ የታወቀ ሲሆን፣ «ማረቆ ፋና» የተባለው የተሻሻለ ዝርያም ስሙን ያገኘው ከዚሁ አካባቢ ነው። ጫትም የገበያ ሰብል ሆኖ ከአካባቢው ወደ መሐል አገር ይጫናል። የአዲስ አበባ ፍላጎት ሲጨምርና ሲቀንስ የቡታጅራ ነጋዴ፣ ደላላና ገበሬ ዋጋውን አብረው ይከታተላሉ።

የሕዝብ ቆጠራ ውጤቶችም የከተማዋን ዕድገት ያሳያሉ። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ከ20 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ የነበረው ነዋሪ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ33 ሺህ በላይ ሆኗል። ይህም ከ60 በመቶ ያላነሰ ዕድገት ሲሆን፣ በተመሳሳይ ጊዜ የአገሪቱ ሕዝብ ያደገው 38 በመቶ ገደማ ነው። ልዩነቱ በውልደት ብቻ የመጣ ሳይሆን ወደ ከተማዋ የሚገባውን ሰውም የሚያመለክት ነው።

መንገዱን የሠራው ማኅበር

በዳርቻ ከተሞች ጥናት የተለመደው አስተሳሰብ ትልቁ ከተማ መንገድ ይዘረጋል፣ ትንሿ ከተማ በመንገዱ ትለወጣለች የሚል ነው። በቡታጅራ አቅጣጫ የሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወላይታ ሶዶ የሚደርሰው መስመር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በመንግሥት ውጥን ብቻ የተሠራ አልነበረም። ወደ አዲስ አበባ ተሰደው የሠሩ የአካባቢው ተወላጆች የዓለም ገና - ወላሞ መንገድ ሥራ ማኅበርን አቋቁመው ለሥራው ገንዘብ አዋጥተዋል። ፈቃዱ ገዳሙ እ.ኤ.አ. በ1972 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ይህንኑ ማኅበር እንደ ማሳያ ወስዶ የብሔረሰብ ማኅበራት የከተማውንና የገጠሩን ግንኙነት እንዴት እንደሚጠብቁ የመረመረ ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ቁም ነገር መንገዱ የስደቱ መነሻ ብቻ ሳይሆን የስደቱ ውጤትም መሆኑ ነው። ተወላጁ ከተማ ገብቶ ከቀዬው አልተቆረጠም። ያገኘውን ገንዘብና ልምድ መመለሻውን ለማበጀት አውሎታል። ስለዚህ 130 ኪሎ ሜትሩ የተፈጥሮ ርቀት ከመሆኑ በፊት በማኅበራዊ ውሳኔ ያጠረ ርቀት ነው።

በበዓል የሚገለጠው ሁለተኛ ቤት

ይህ ትስስር በግልጽ የሚታየው በመስቀልና በአረፋ ሰሞን ነው። በመስከረም ለመስቀል ክርስቲያኑ፣ በአረፋ ደግሞ ሙስሊሙ ጉራጌና ስልጤ ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ወደ ወላጆቹ ቤት ይገባል። ለዚህ የሚደረገው ዝግጅት ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ ነው። ሴቶች በዊጆ ቅቤ ያጠራቅማሉ፤ ወንዶች ለሰንጋ በዕቁብ ይቆጥባሉ፤ ከተማ ያለው ልጅም የጎደለውን ይሞላል። በዓሉ የጋብቻ ወሬ የሚነሣበት፣ የመሬትና የውርስ ጉዳይ በሽማግሌ ፊት የሚታይበት፣ ለትምህርት ቤትና ለመንገድ መዋጮ የሚወሰንበት ጊዜም ነው።

በምጣኔ ሀብት ዓይን ሲታይ ይህ ቤተሰብ አንድ የጋራ በጀት ያለው፣ ነገር ግን በሁለት ቦታ የሚኖር ነው። በቆጠራ ሰነድ ግን አባልነቱ ይከፈላል፤ መርካቶ የሚሠራው ልጅ የአዲስ አበባ ነዋሪ፣ እናቱ የመስቃን ወይም የቡታጅራ ነዋሪ ተብለው ይመዘገባሉ። የሁለቱ ምዝገባዎች ትክክለኛነት አያጠያይቅም። የሚጠፋው በሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነት ነው።

በአንድ ገበያ የሚገናኙ ቋንቋዎች

የቡታጅራ ብዝኃነትም በአንድ ዓምድ የሚሞላ አይደለም። በከተማዋና በዙሪያዋ መስቃንኛ፣ ክስታንኛ፣ ዶቢኛ፣ ስልጥኛ፣ ማረቆኛና አማርኛ ይነገራሉ። ሮበርት ሄትስሮን እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ጥናት እንደታየው በተለምዶ «ጉራጊኛ» የሚባሉት ቋንቋዎች ከአንድ ቅርንጫፍ ብቻ የወጡ አይደሉም። ስልጥኛ ከሐረሪ ጋር በአንድ ንዑስ ምድብ ሲመደብ፣ ክስታንኛና መስቃንኛ በሌላ ወገን ይቆማሉ። ማረቆኛ ደግሞ ከሐድይኛ ጋር የሚዛመድ የኩሽ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ገበያው ላይ በርበሬ ሸጭዋና ገዥው ሲገናኙ የሴምና የኩሽ ቋንቋዎች በአንድ ሚዛን ዙሪያ ይገናኛሉ። ከአንድ በላይ ቋንቋ ማወቅ በዚህ ስፍራ የትምህርት ጌጥ ሳይሆን የሥራ መሣሪያ ነው።

የአስተዳደር ምደባ ግን ለአንድ ሰው አንድ ማንነትን ይሰጣል። ስልጤ በ1993 ዓ.ም. በተካሄደ ሕዝበ ውሳኔ ከጉራጌ ተለይቶ የራሱን ዞን መሥርቷል። በ2011 ዓ.ም. በመስቃንና በማረቆ ማኅበረሰቦች መካከል የተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ቀጥፏል፤ ብዙዎችንም አፈናቅሏል። የማንነት ጥያቄ ሕጋዊ መልስ ማግኘቱ ተገቢ ቢሆንም፣ ወሰን ሲሰመር የጋራ የሆነው ገበያ፣ መንገድና ጋብቻ የማን እንደሚሆን አብሮ ካልተጤነ ጉዳቱ ቀድሞ የሚደርሰው በሁለት ቋንቋ በሚነግደውና ከሁለት ወገን በተወለደው ሰው ላይ ነው።

በ«ገጠር» ስም የታወቀች ከተማ

ቡታጅራ በዓለም አቀፍ የምርምር ጽሑፎች ውስጥ በስፋት የምትታወቀው በቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮጀክት ነው። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ1986 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተጀመረ ሲሆን፣ በዕጣ የተመረጡ 9 የገጠርና 1 የከተማ ቀበሌዎችን ያቀፈ ነው። መረጃ ሰብሳቢዎች ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ ልደትን፣ ሞትን፣ ጋብቻን፣ ወደ ቀበሌው የገባውንና ከቀበሌው የወጣውን ሰው በተከታታይ መዝግበዋል። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2001 ከ68 ሺህ በላይ ጎልማሶችን በመለየት የተጀመረው የከባድ የአእምሮ ሕመም ጥናትም ሕሙማንን ለዓመታት መከታተል የቻለው በዚሁ አካባቢ በዳበረው የምርምር መሠረት ላይ ነው።

ከዚህ ጽሑፍ አንጻር የፕሮጀክቱ ዋና ትምህርት በአሠራሩ ላይ ነው። ቆጠራ የሚያሳየው አንድን ቀን ነው፤ ተከታታይ ምዝገባ ግን የቤተሰብን ጉዞ ያሳያል። ሰው ወጣ ሲባል ወዴት እንደወጣ፣ ተመለሰ ሲባል መቼ እንደተመለሰ መጠየቅ የሚቻለው በዚህ ዘዴ ነው። ከአሥሩ ቀበሌዎች ከተማ የሆነው አንዱ ብቻ መሆኑ ግን ምዝገባው ለገጠሩ ጤና ታስቦ የተቀረጸ መሆኑን ያስታውሳል። ዘዴውን ለከተማ ፕላን ለማዋል የከተማ ቀበሌዎችን ቁጥር ማሳደግ ያስፈልጋል።

አዲሱ የአስተዳደር ድርሻ

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። ማረቆም በልዩ ወረዳነት ተደራጅቷል። ቀደም ሲል የከተማዋ ነዋሪ ለዞን ጉዳይ የሚሄደው ወደ ወልቂጤ ነበር። ወልቂጤ ከዘቢዳር ማዶ፣ አዲስ አበባን ከጅማ በሚያገናኘው ሌላ መስመር ላይ ትገኛለች። ሁለቱ ከተሞች ለረጅም ጊዜ በአንድ ዞን ሥር ቢቆዩም፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ከአዲስ አበባ ጋር የተያያዙ ነበሩ።

የዞን መቀመጫነት ቢሮ፣ የመንግሥት ሠራተኛና የቤት ፍላጎት ያመጣል። በጀት፣ የውኃ መስመርና የመኖሪያ መሬት የሚታቀዱት በቋሚ ነዋሪ ቁጥር ብቻ ከሆነ፣ በገበያ ቀን ከዙሪያው የሚገባው፣ በበዓል ከአዲስ አበባ የሚመለሰውና ከአዲስ አበባ ገንዘብ እየላከ በከተማዋ ቤት የሚሠራው ሰው ከስሌቱ ውጭ ይሆናል።

ማጠቃለያ

ቡታጅራ የአዲስ አበባ ዳርቻ አይደለችም፤ ከአዲስ አበባ ተነጥላ የምትቆም ከተማም አይደለችም። የመንገድ ማኅበሩ ታሪክ፣ የመስቀልና የአረፋ ጉዞ፣ የበርበሬው ንግድና የቋንቋዎቹ መቀላቀል አንድ ነገር ያመለክታሉ፤ ከተማዋን ያቆማት የሰው መሄድና መመለስ ነው። ከዚህ በመነሣት ሦስት ነጥቦችን ማቅረብ ይቻላል። አንደኛ፣ የከተማ ጥናት መስፈርት ከዕለታዊ ምልልስ ባሻገር ወቅታዊ ምልልስንና የጋራ የቤተሰብ በጀትን ማካተት ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ የቋንቋና የማንነት መጠይቅ ከአንድ በላይ መልስ የሚቀበል ሊሆን ይገባል። ሦስተኛ፣ በገጠር ጤና ፕሮጀክቱ የዳበረው ተከታታይ ምዝገባ ለከተማ ፕላን አገልግሎት ቢውል የዞኑ አስተዳደር የሚያቅደው ለቆጠራ ቀን ነዋሪ ብቻ ሳይሆን በከተማዋ ለሚኖረው፣ ለሚነግደውና ወደ ከተማዋ ለሚመለሰው ሕዝብ ሁሉ ይሆናል።